የስድስት ክፍል አየር

በ1950ዎቹ ውስጥ (በዚህ ታሪክ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ፣ ሎክ ሬቨን በሚባለው አካባቢ፣ የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙበት ሆስፒታል ጣሪያ ላይ እንግዳ ቤት ተሠራ። ነዋሪዎቹ ሰዎች አልነበሩም። ጊኒ ፒግ የሚባሉት ጭራ አልባ ትንንሽ እንስሳት ነበሩ፤ በአማካይ 156።

ከእነሱ ሥር የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተኙባቸው ስድስት ክፍሎች ነበሩ። ሕሙማኑና እንስሳቱ ተያይተው አያውቁም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታማሚው ሲስል፣ ሲያወራ፣ ተኝቶ ሲተነፍስ የሚወጣው አየር ከክፍሉ በቧንቧ እየተሳበ ጣሪያው ላይ ወዳለው ቤት ይገባል፤ እንስሳቱም ሌት ተቀን ያንን አየር ይተነፍሳሉ። በየወሩ እያንዳንዳቸው በነቀርሳ መያዝ አለመያዛቸውን የሚያሳይ የቱበርኩሊን ምርመራ ይደረግላቸዋል። ከዚያ መጠበቅ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ በአየር ይተላለፋል? የሚጠበቀው መልስ አንዲት ቃል ነበረች፤ አዎ ወይም አይደለም። ያቺን ቃል ለማግኘት ግን የሕክምናው ዓለም ከሰባ ዓመት በላይ ደክሟል።

መጋቢት 24 ቀን 1882 ሮበርት ኮክ በርሊን ውስጥ በሐኪሞች ፊት ቆሞ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ማግኘቱን ሲናገር፣ ገዳዩ ታወቀ። በዚያ ዘመን ከሰባት ሟቾች አንዱን የሚወስደው ይህ በሽታ እንደሆነ ራሱ ኮክ ገልጾ ነበር። የገዳዩ ማንነት ይታወቅ እንጂ በየት በር እንደሚገባ ግን ማንም አላወቀም። ጆርጅ ኮርኔት የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ደርቆ አቧራ የሆነውን አክታ ጠረጠረ። ካርል ፍሉገ ደግሞ በሳልና በንግግር ጊዜ ከአፍ የሚፈናጠቁትን ጠብታዎች ከሰሰ፤ ጠብታዎቹም ብዙ ሳይርቁ መሬት እንደሚወድቁ ታመነ። በየከተማው «መሬት ላይ መትፋት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ።

በ1910 ቻርልስ ቼፒን የተባለው የአሜሪካዋ ፕሮቪደንስ ከተማ የጤና ኃላፊ የዘመኑን ማስረጃ ሁሉ ሰብስቦ መጽሐፍ አሳተመ። በሽታ የሚተላለፈው ባብዛኛው በመነካካትና በቅርብ በሚፈናጠቅ ምራቅ ነው፤ አየሩን ለመክሰስ በቂ ማስረጃ የለም ሲል ደመደመ። አንድ ሥጋትም ነበረው። ሕዝቡ አየሩን መፍራት ከጀመረ «ምን ይደረጋል» ብሎ እጁን መታጠብ ይተዋል ብሎ ያስብ ነበር። ሥጋቱ ከቅን ልብ የመነጨ ነው። ውጤቱ ግን ከባድ ሆነ፤ አየር በነፃ ተለቀቀ፤ የሐኪሞች ትምህርትም ያንን ውሳኔ እንደ ሃይማኖት ቀኖና ያዘው።

ያንን ውሳኔ የተገዳደረው ሰው የመጣው ከሐኪሞች ሠፈር አልነበረም።

ዊልያም ፈርዝ ዌልስ የንጽህና አጠባበቅ መሐንዲስ ነበር። በወጣትነቱ ኦይስተር የሚባሉትን በዛጎል ውስጥ የሚኖሩ የባሕር እንስሳት ማርባት የሥራው አካል ነበር። አዲስ የተፈለፈሉት እጮች ከማነሳቸው የተነሳ ውኃው በተቀየረ ቁጥር አብረው ይደፋሉ። ዌልስ ለወተት ማጣሪያ የሚያገለግለውን፣ እየተሽከረከረ ከባዱን ከቀላሉ የሚለየውን ማሽን አምጥቶ እጮቹን ከውኃው ለየበት። በ1930ዎቹ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይኸው የማሽከርከር ብልሃት ከእጁ አልጠፋም። አሁን ግን የሚያሽከረክረው ውኃ ሳይሆን አየር ነበር፤ የሚይዘውም በውስጡ የሚንሳፈፉትን ጀርሞች።

ዌልስ የጠየቀው ጥያቄ ሲሰሙት የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ ከአፍ የወጣች ጠብታ ከወጣች በኋላ ምን ትሆናለች? ትልቋ ትወድቃለች። ትንሿስ? ዌልስ ሲያሰላና ሲለካ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ግድም የማትበልጥ ጠብታ ከሰው ቁመት ከፍታ መሬት ከመድረሷ በፊት ውኃዋ እንደሚተን ደረሰበት። የሚቀረው ደቃቅ ቅሪት ነው። ቅሪቱ ታማሚው አፍ ውስጥ የነበረውን ባክቴሪያ እንደተሸከመ፣ በጎጆ ቀዳዳ በገባ የፀሐይ ብርሃን ውስጥ እንደሚዋልል ትቢያ፣ አየር ላይ ለሰዓታት ይቆያል። ዌልስ «የጠብታ አስኳል» አለው። ይህን ያሳተመው በ1934 ነበር። ፍሉገ ካሰበው ርቀት ወዲያ ያለ ሰው፣ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ የገባ ሰው እንኳ፣ ያንን ቅሪት ሊስበው ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አገር አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ዝጋው፣ ብርድ ይመታኛል» የሚል ድምፅ የማይሰማበት ቀን ጥቂት ነው። ነፋስ የሚያሳምም፣ የታፈነ ክፍል የሚያድን አድርጎ ማየት ከልጅነት ጀምሮ ያደግንበት ነው። የዌልስ ጠብታ ግን ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ያንን የተዘጋ መስኮት ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች ተርታ የመደባት አገር በመሆኗ፣ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ አየር ላይ መንሳፈፍ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ማሳመም ሌላ። ዌልስ የመጀመሪያውን ቢያሳይም ሁለተኛውን የሚያምንለት አላገኘም።

በ1937 ወደ ፊላደልፊያ፣ ወደ ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ሐኪም የሆነችው ባለቤቱ ሚልድረድ ዊክስ ዌልስም የሥራው ተካፋይ ነበረች። አልትራቫዮሌት ጨረር ጀርም እንደሚገድል ስለታወቀ፣ በከተማዋ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች በአንዳንድ ክፍሎች ግድግዳ ላይ፣ ከልጆቹ ራስ በላይ፣ የጨረር መብራት ሰቀሉ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አየሩ ወደ ላይ ሲወጣ ጨረሩ ያጸዳዋል፤ የጸዳው ተመልሶ ይወርዳል። አየር በደለኛ ካልሆነ መብራቱ ምንም ለውጥ አያመጣም። በደለኛ ከሆነ ግን አንድ ቀን ወረርሽኝ ሲመጣ ልዩነቱ ይታያል።

በ1941 ኩፍኝ ከተማዋን መታ።

ለወላጆች ክፉ ጊዜ ነበር፤ ለዌልስና ለሚልድረድ ግን በትእዛዝ የማይመጣ ዕድል። መብራት በሌለባቸው ክፍሎች በሽታው ይዟቸው ከማያውቅ ልጆች ከግማሽ በላይ ታመሙ። መብራት ባለባቸው ክፍሎች ግን የታመሙት ከአምስት አንድ እንኳ አልሞሉም። ውጤቱ በ1942 ታተመ፤ የአየር ጥፋተኝነት የተረጋገጠ መሰለ።

አልተረጋገጠም። ሌሎች ተመራማሪዎች በኒውዮርክ ገጠርና በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች ያንኑ መብራት ሰቅለው ሞከሩት፤ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አላገኙም። ምክንያቱ ኋላ ሲታሰብ ግልጽ ነበር። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ንጹሕ አየር ቢተነፍሱም፣ ትምህርት ሲያልቅ መብራት በሌለበት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ተጨናንቀው ይሄዳሉ፤ ሌላም ቦታ ይገናኛሉ። መብራቱ የተሰቀለበትን ክፍል ይጠብቃል እንጂ ልጁን ተከትሎ ቤቱ ድረስ አይሄድም። ያኔ ግን ይህን ለመስማት የፈለገ ጥቂት ነው። በ1950ዎቹ መባቻ በአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ጥናት ትልቅ ስም የነበረው አሌክሳንደር ላንግሙር እንኳ በሽታ በአየር መተላለፉ አልተረጋገጠም ከሚሉት ወገን ነበር።

ዌልስ በዚህ ሁሉ መካከል ጥንቸሎች ላይ አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር፤ ለቀጣዩ ምዕራፍ መሠረት የሆነው እሱ ነው። በ1948 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ጥንቸሎቹን የነቀርሳ ባክቴሪያ ያለበት አየር አስተነፈሳቸው፤ ለአንዳንዶቹ በደቃቅ ቅንጣት፣ ለሌሎቹ በትላልቅ ቅንጣት። ትላልቁ ባብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ተይዞ ቀረ። ደቃቁ ግን እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ዘለቀ፤ አንድ ባክቴሪያ በገባበት አንድ ቁስል ተገኘ። የሳንባ ነቀርሳ መንገድ ጠባብ ነበር፤ በዚያ መንገድ የሚያልፈው ደግሞ ያ ተንሳፋፊ ቅሪት ብቻ ነው።

ጥንቸሎቹ የተነፈሱት ግን ሰው ሠራሽ ጭጋግ ነው። ከእውነተኛ ታማሚ አፍ የወጣ አየርስ?

ዌልስ እያረጀ ነበር። ጥያቄውን ከእሱ ጋር የተሸከመው ሪቻርድ ራይሊ የተባለ የቀድሞ ተማሪው ነው፤ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሳንባን አሠራር የሚያጠና ሐኪም ሆኖ ነበር። ችግራቸው ይህ ነበር፤ በክፍል አየር ውስጥ ያለውን የነቀርሳ ባክቴሪያ በመሣሪያ መያዝ አይቻልም። ባክቴሪያው በጣም ጥቂት ነው፤ ለማደግም ሳምንታት ይፈልጋል፤ እስኪያድግ ድረስ ከአየሩ አብሮ የተያዘው ሌላ ጀርም ሳህኑን ይወርሰዋል። ሌላውን ሁሉ ትቶ ነቀርሳን ብቻ ለይቶ የሚይዝ፣ አንድ ቅንጣት እንኳ የማያመልጠው ወጥመድ አስፈለጋቸው። ጊኒ ፒግ ይህን ሁሉ ታሟላለች፤ ይህን ባክቴሪያ የመቋቋም አቅሟ ከማነሱ የተነሳ አንዲት ቅንጣት ትበቃታለች። አንዷ ብቻዋን የምትተነፍሰው አየር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከመቶ በላይ ሆነው፣ ወር ከወር፣ ዓመት ከዓመት መተንፈስ ነበረባቸው።

የጣሪያው ቤት የተሠራው ለዚህ ነው። ክሬቲል ሚልስና ሌሎች ባልደረቦች ሥራውን አብረው ያዙ። ታች ታማሚዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ላይ እንስሳቱ ይተነፍሳሉ። ወሩ ሲያልቅ የቱበርኩሊን ምርመራ ይደረጋል።

ምልክቱ መታየት ጀመረ።

በወር በአማካይ ሦስት ያህል እንስሳት ይያዙ ነበር። በሁለት ዓመት 71 ሆኑ። ሲከፈቱ ሳንባቸው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ቁስል ብቻ ነው፤ አንዲት ቅንጣት፣ አንዲት ትንፋሽ። ስሌቱ ደግሞ ከዚያ በፊት ለምን ማንም እንዳልያዛት ገለጠ፤ በክፍሎቹ አየር ውስጥ በአማካይ አንዲት ተላላፊ ቅንጣት የምትገኘው ከ300 ሜትር ኩብ በሚበልጥ አየር ውስጥ ነበር። በ1959 ውጤታቸውን አሳተሙ።

ተጠራጣሪዎቹ ግን ሌላ በር አገኙ። እንስሳቱ በምግባቸው ወይም በሚጠጡት ውኃ ተበክለው ቢሆንስ? ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠበቀውን ውጤት ይህች አንዲት ጥያቄ ልታፈርሰው ትችላለች። ራይሊና ባልደረቦቹ አልተከራከሩም፤ እንደገና ጀመሩ።

በዚህኛው ዙር ቤቶቹ ሁለት ሆኑ። ምግቡ አንድ ነው፣ ውኃው አንድ ነው፣ አየሩም የሚመጣው ከእነዚያው ስድስት ክፍሎች ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነበር። ወደ አንደኛው ቤት የሚሄደው አየር በመንገዱ ላይ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ያልፋል። ምግቡ ወይም ውኃው ጥፋተኛ ከሆነ በሁለቱም ቤት እንስሳት ይታመማሉ። ጥፋተኛው አየሩ ከሆነ ግን አንደኛው ቤት ጤነኛ ሆኖ ይቀራል። ተጨማሪ ሁለት ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ።

አየሩ እንዳለ በገባበት ቤት 63 እንስሳት ተያዙ። አየሩ በጨረሩ ሥር ባለፈበት ቤት የተያዙት ስንት ነበሩ? አንድም አልነበረም።

ባዶ ቁጥር እንዲህ ሲናገር ብዙ ጊዜ አይታይም። በ1962 ውጤቱ ሲታተም የሳንባ ነቀርሳ በአየር እንደሚተላለፍ የሚያስተባብል የረባ ክርክር አልቀረም። ዌልስ ይህን አይቶ በ1963 ዓረፈ።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን ተመራማሪዎቹ ሳይፈልጉት ያገኙት ነው። ባክቴሪያዎቹን በመድኃኒት ላይ ባላቸው ጠባይ እየለዩ የትኛዋ እንስሳ ከየትኛው ታማሚ እንደተያዘች መከታተል ቻሉ። ታማሚዎቹ በእኩል የሚያስተላልፉ መስሏቸው ነበር፤ እውነቱ ሌላ ሆነ። አብዛኞቹ አንዲት እንስሳ እንኳ አላስያዙም። ነቀርሳው ጉሮሮው ድረስ የደረሰበት አንድ ታማሚ ግን በሦስት ቀን ውስጥ 15 እንስሳት አስያዘ።

ሁለተኛው ግኝት የመድኃኒት ነገር ነው። መድኃኒት የሚበግረው ነቀርሳ ይዟቸው ሕክምና ያልጀመሩ ሰዎች የማስተላለፍ አቅም 100 ቢባል፣ ሕክምና ላይ ያሉት 2 ብቻ ሆኖ ተገኘ። የብዙ ቤተሰብ ሕይወት የተመሠረተው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። በአገራችን ዛሬም የቲቢ ታማሚ ኩባያው ይለያል፣ ሳህኑ ይለያል፣ አንዳንዴም መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ሳለ ከሰው ይገለላል። የባልቲሞር እንስሳት የታማሚ ኩባያ አልነኩም፤ አየሩን ብቻ ነው የሳቡት። የሚያስፈራው በየቤቱ ሳይታወቅ፣ ሳይታከም የሚስለው ሰው ነበር እንጂ ኪኒኑን ይዞ ከሐኪም ቤት የሚመለሰው አልነበረም። ቶሎ መታከም ለታማሚው ለራሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የተቦረቦረውን ሳንባ መልሶ አይሠራም። የዳነው ሰው ከዓመታት በኋላ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ጠባሳው የሚያስለው፣ ብዙ ጊዜ ሕክምናው ስለዘገየ ነው።

ራይሊ ከዚያም አላረፈም። በ1978 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር፣ በሮቸስተር አቅራቢያ በነበረ ትምህርት ቤት ስለተነሳ የኩፍኝ ወረርሽኝ ሲጽፍ፣ ከመምህሩ የወረሰውን ሐሳብ ወደ ቀመር ለወጠው። አንድ ታማሚ በሰዓት ስንት ተላላፊ መጠን ይለቃል፣ ክፍሉ በሰዓት ስንት ንጹሕ አየር ያገኛል፣ ጤነኛው ስንት ሰዓት ይቀመጣል? እነዚህ ከታወቁ የመያዝ ዕድሉን ማስላት ይቻላል። ቀመሩ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም፣ የዌልስና ራይሊ ቀመር ተብሎ ይጠራል።

ከባልቲሞሩ ሙከራ አርባ ዓመት ያህል በኋላ የጣሪያው ቤት በሌላ አገር እንደገና ተሠራ። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ፣ ዶስ ደ ማዮ በተባለው ሆስፒታል፣ ሮድ ኤስኮምብ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ኤች አይ ቪና ነቀርሳ አንድ ላይ የያዛቸው ሕሙማን ከሚተኙበት ክፍል በላይ ጊኒ ፒጎች አኖሩ። እንደ ባልቲሞሩ ሁሉ በሽታውን ያስተላለፉት ጥቂቶች ሆነው ተገኙ፤ እነሱም ከሞላ ጎደል መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ይዟቸው ተገቢውን ሕክምና ያላገኙ ነበሩ። ከጣሪያ በታች የተሰቀለ የጨረር መብራት የተያዙትን እንስሳት ከ35 በመቶ ወደ 9.5 በመቶ አወረደ።

መብራት ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ኤሌክትሪክም ይጠፋል። ኤስኮምብ ሐሳቡን ከጣሪያው ወደ መስኮቱ መለሰ። እሱና ባልደረቦቹ በሊማ በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች 70 ክፍሎች ውስጥ ገብተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቁ ጋዙ ምን ያህል ቶሎ እንደሚጠፋ ለኩ። ጋዙ ቶሎ ከጠፋ አየሩ ቶሎ ይታደሳል ማለት ነው። ዘመናዊዎቹ፣ በማሽን አየር የሚነፋላቸው ክፍሎች በሰዓት 12 ጊዜ አየር እንዲቀይሩ የተሠሩ ነበሩ። በርና መስኮታቸው የተከፈተው ክፍሎች ግን በሰዓት 28 ጊዜ ቀየሩ። ከሁሉ የበለጡት ከ1950 በፊት የተሠሩት ነበሩ፤ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ፣ አዲሱ ግንበኛ ያረጁ ብሎ የሚያልፋቸው። እነሱ በሰዓት 40 ጊዜ ቀየሩ።

ቁጥሮቹ በዌልስና ራይሊ ቀመር ተሰሉ። ያልታከሙ የነቀርሳ ሕሙማን ባሉበት ክፍል አንድ ቀን የሚውልና የሚያድር ሰው፣ በማሽን በሚተነፍሰው ዘመናዊ ክፍል የመያዝ ዕድሉ 39 በመቶ ሲሆን፣ በአሮጌው ባለ ሰፊ መስኮት ክፍል 11 በመቶ ሆነ። ውጤቱ በ2007 ታተመ፤ ቡድኑም መጋዝና መዶሻ ወደያዙ ሠራተኞች ዞረ። በሊማ ሆስፒታሎች የመጠበቂያና የምርመራ ክፍሎች ውስጥ የማይከፈቱ መስታወቶች ተነሡ፣ መስኮቶች ተጨመሩ፣ ጣሪያ ላይ የአየር መውጫ ተከፈተ። ሲለኩት የአየር ለውጡ ከሁለት እጥፍ በላይ አድጎ ተገኘ።